ከጣና ጭቃ መብራት ይወጣል ወይ ለምትሉኝ

"ከጣና ጭቃ መብራት ይወጣል ወይ?" ሰሞኑን ካገኘሁት ሰው ግማሹ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ይወጣል። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። "ስንት አምፖል ያበራል?" እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናወራ እፈልጋለሁ፤ በእኔ እምነት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነውና።

መብራቱን ከሆነ የፈለግነው ጣና ድሮም እየሰጠን ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 11 ሜጋዋት ገደማ ነው። በ2001 ጢስ ዓባይ ሁለት ተጨመረ። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ይዞ መጣ። ከዚህ ጋር ልወዳደር ብሎ ጭቃ ውስጥ ሽቦ የሚቀብር ሰው የለም። እኔ የምቀብረው ሐይቁ ውስጥ ምን እየገባ እንደሆነ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ።

ማይክሮቢያል ፊውል ሴል ይባላል። እኔ ባጭሩ የባክቴሪያ ሴል እለዋለሁ። ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ከሚበላው ምግብ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ በመንገድ ላይ ኃይሉን ይወስድና መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮኑን ለሆነ ነገር ያስረክባል። እኛ የምናስረክበው ለምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ሐይቅ ዳር ደንገሉ ሥር ብትቆፍሩ ላይኛው ጭቃ ቡናማ ነው፤ ጥቂት ጣት ያህል ወረድ ስትሉ ጥቁር ይሆናል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እዚያ ኦክስጅን አልቋል። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን አልሞቱም፣ ኤሌክትሮኑን የሚያስረክቡለት ሌላ ነገር አግኝተዋል። አንዳንዶቹ ሰልፌት ለሚባለው ድኝ ላለበት ጨው ይሰጣሉ፤ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ለብረት ይሰጣሉ። ወደ ጣና የሚገቡት የጉማራና የርብ ወንዞች በየክረምቱ ከላይ እየጠረጉ የሚያመጡት አፈር ቅላቱ ከዛገ ብረት ነው፤ እና ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ያ ዝገት እንደ አየር ነው።

ብረት የሚተነፍስ ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካ ውስጥ ያለው የፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ነው። ዴሪክ ላቭሊ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1987 ያገኘው ሲሆን ጂኦባክተር ከሚባለው ወገን ነው። የዚህ ባክቴሪያ ልዩ ነገሩ ኤሌክትሮኑን ከሰውነቱ ውጭ ላለ ጠጣር ነገር ማስረከብ መቻሉ ነው። እንግዲህ ብረቱን ትታችሁ የካርቦን ዘንግ ብትሰጡትስ? ዘንጉ ላይ ይለጠፋል፣ ኤሌክትሮኑን ለእሱ ያስረክባል። ከዘንጉ ሽቦ አውጥታችሁ ላይ ውኃው ውስጥ፣ ኦክስጅን ባለበት ቦታ፣ ከተቀመጠ ሌላ ዘንግ ጋር ስታገናኙት ኤሌክትሮኑ በሽቦው ይሄዳል። በቃ፣ ከረንት ማለት ይኸው ነው። የታችኛው አኖድ፣ የላይኛው ካቶድ ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ደርሃም ውስጥ ፖተር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ባክቴሪያና እርሾ ከረንት እንደሚሰጡ እ.ኤ.አ. በ1911 አሳይቷል። ከዚያ ለረጅም ዘመን ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም።

አሁን ይህንን ወደምሞክርበት ወደ እኔ የጭቃ ባልዲ እንምጣ። የካርቦን ዘንግ ከየት ይመጣል ብላችሁ አትጨነቁ። ርካሹን የሬዲዮ ድንጋይ ስትሰብሩት መሐል ላይ ጥቁር ዘንግ አለች፣ እሷ ናት። አልካላይን የሚባለው ድንጋይ ውስጥ የለችም። ዙሪያዋን ያለውን ጥቁር ዱቄት በደንብ እጠቡላት። ዘንጓ ሰም የጠጣች ስለሆነች ከሰል ላይ ጣል አድርጋችሁ ሰሙ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ግን ደጅ ላይ ይሁን፣ ጭሱንም አትሳቡት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሯት። ለባክቴሪያ ሻካራ ቦታ ይመቸዋል። ብዙ ዘንጎችን አንድ ላይ አስራችሁ ከአንድ ሽቦ ጋር ብታገናኙ ይሻላል፤ ሽቦው ዘንጉን የሚነካበት ቦታ ግን ሙሉ በሙሉ በሲሊኮን መታሸግ አለበት። መዳቡ ውኃ ከነካ የምትለኩት ነገር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ይህችን ነገር ደግሜ ልበላት፣ ምክንያቱም "ከጭቃ መብራት አወጣሁ" የሚሉ ቪዲዮዎች በየቦታው አሉ። አብዛኞቹ ላይ የምታዩት በአንድ በኩል መዳብ በሌላ በኩል ዚንክ የተቀባ ሚስማር ነው። ያ መብራት ከጭቃው አልወጣም። ሚስማሩ ነው እየተበላ ያለው፤ ጭቃውን አውጥታችሁ ሎሚ ብታስገቡም ያው ነው። ልጆች ይህን አይተው ባክቴሪያ ነው ብለው ሲያምኑ ያናድደኛል። መለያው ቀላል ነው። ሚስማሩ ገና እንደገባ ቮልት መለኪያው (ቴስተሩ) ላይ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። እውነተኛው የባክቴሪያ ሴል ግን ሁለቱም ወገን ካርቦን ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ምንም አያሳይም ማለት ይቻላል። ከዚያ ባክቴሪያዎቹ ዘንጉ ላይ እየተለጠፉ ሲሄዱ ቀስ እያለ ቀን በቀን ይወጣል። እኔ ጎን ለጎን ሌላ ባልዲ አስቀምጬ ነበር፤ ዘንጎቹም ሽቦውም ያው ናቸው፣ ጭቃው ብቻ በደንብ የተቀቀለ ነው። ጥሬው ጭቃ ሲወጣ የተቀቀለው ባለበት ቀረ። ያን ቀን ነው በሙሉ ልቤ ያመንኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የነበረውን ልንገራችሁ። ምንም ሳይገናኝ ሲለካ 0.6 ቮልት ገደማ። 1,000 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የምትገድብ ትንሽ ዕቃ) ስሰጠው ወደ 0.2 ቮልት ወረደ። ይህ ማለት 0.2 ሚሊአምፒር፣ በዋት ሲሰላ ደግሞ 40 ማይክሮዋት ነው። ትንሽ ቀይ ኤልኢዲ ደብዘዝ ብላ እንድትበራ ቢያንስ ጥቂት ሚሊዋት ትፈልጋለች፤ በመቶ እጥፍ ገደማ ርቀናል ማለት ነው። ቮልቱም አይበቃትም፣ ወደ 1.8 ትፈልጋለች።

"ታዲያ ብዙ ሴል በተከታታይ አገናኛ!" የሚለኝ አይጠፋም። እንደ ፀሐይ ፓነል መስሎት ነው። ባልዲዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ይሠራል፤ ያውም አንዱ ደከም ሲል ሌሎቹ ገፍተው ቮልቱን ይገለብጡበታል። ሐይቁ ውስጥ ግን ጭራሽ አይሆንም። ሁሉም ዘንጎች የተነከሩት አንድ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ከረንቱ ሽቦውን ትቶ በውኃው ይዞራል። ስለዚህ ሐይቅ ውስጥ የምትቀብሩት ሁሉ ተደምሮ አንድ ሴል ነው፣ ቮልቱንም የምታሳድጉት በኤሌክትሮኒክስ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ባሕር ውስጥ በዚህ መንገድ የአየር ጠባይ መለኪያ ተንሳፋፊ መሣሪያ አንቀሳቅሰዋል። ግን የባሕር ውኃ ጨዋማ ነው፣ ከረንት በደንብ ያስተላልፋል። ጣና ጨው የሌለው ውኃ ነው። እዚህ ብዙው ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል።

እሺ፣ ሒሳቡን ጨርሰን እንየው። ጭቃ ውስጥ የሚቀበር ሴል በአብዛኛው በካሬ ሜትር አሥር፣ ሃያ፣ ቢበዛ ጥቂት አሥርት ሚሊዋት ነው የሚሰጠው። ሃያ እንበል። የስልክ ቻርጀር 5 ዋት ነው። ስለዚህ አንድ ስልክ ለመሙላት 250 ካሬ ሜትር ጭቃ በካርቦን ማንጠፍ ሊኖርባችሁ ነው። አንድ ስልክ! ማንም አያደርገውም፣ ማድረግም የለበትም። ከሐይቁ ዳር መብራት እንሸጣለን የሚል ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ይህን ሒሳብ አሳዩት።

እኔን የያዘኝ ሌላው ሒሳብ ነው። ቆሻሻ ውኃ የሚለካው ለመጽዳት ስንት ኦክስጅን ይፈልጋል ተብሎ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ያንን ኦክስጅን የሚወስደው ከማን ነው? ከዓሣው ነው። ከቆሮሶውና ከአምባዛው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውኃው ሲሞላ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ራሱ ባሕር ዳርቻ ካለ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከጅምሩ ትርፍ የለንም።

አሁን እዩት። በባክቴሪያ ሴል ውስጥ 1 ሚሊአምፒር ከረንት ሙሉ ቀን ከፈሰሰ፣ 7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን የሚፈልግ ቆሻሻ ተበልቷል። ይህ ግምት አይደለም፣ ኤሌክትሮን መቁጠር ነው። አንድ ሊትር ተራ የቤት ፍሳሽ ግማሽ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። ያንን በአንድ ቀን ለመጨረስ 70 ሚሊአምፒር ያህል መፍሰስ አለበት። የእኔ ባልዲ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ግን ከረንቱ ምን ያህል እንደተበላ በየደቂቃው ይነግረኛል። "ስንት አምፖል" ሳይሆን "ስንት ቆሻሻ በላ" ብላችሁ ስትጠይቁ ያቺ ሚጢጢ ከረንት ድንገት ትርጉም ታገኛለች።

ፍሳሽ ማጣሪያ ላላቸው ከተሞችም ጥቅሙ በዋናነት እዚህ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ የቤት ፍሳሽ ውስጥ 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ተቀምጧል። በተለመደው መንገድ ስናጣራው ግን ያንን ማውጣት ቀርቶ ጭራሽ ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት እንጨምርበታለን፤ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሄደው ፍሳሹ ውስጥ አየር ለመንፋት ነው። በባክቴሪያ ሴል ያ አየር መንፋት ይቀራል። የሚወጣው መብራት ትንሽ ይሁን ግድ የለም፣ የማይከፈለው የመብራት ሒሳብ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም፣ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

የትኛው ቆሻሻ ይስማማዋል የሚለው ላይም ግልጽ ልሁን። ጎረቤቴ ጠላ ይጠምቃሉ፣ አረቄም ያወጣሉ። አንድ ቀን ሄጄ "እማማ፣ እስኪ ትንሽ አተላ ይስጡኝ" አልኳቸው።

"ለዚያ ለጭቃህ ነው?"

"አዎ፣ እማማ። ይበላዋል።"

"ውሰድ። ግን በሬዎቹ እንዳይጎድልባቸው፣ እነሱም ይበሉታል።"

አንድ ማንኪያ በውኃ አቅጥኜ ጨመርኩ። ከሰዓታት በኋላ ቮልቱ ከፍ አለ፣ ደስ የሚል ነው። ግን እማማ ያሉት ትክክል ነው፤ አተላ ከብት የሚያደልብ ሆኖ ሳለ ለባክቴሪያ ሴል ማዋሉ ኪሳራ ነው። ወፍራም ነገር በዛ ያለ እንደሆነም ይኮመጥጥና ሌሎች ባክቴሪያዎች ይወርሱታል። እንቦጩስ? ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ነው። እንቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ የቀረው ደግሞ ቃጫ የበዛበት ስለሆነ ጂኦባክተር በቀጥታ አይበላውም፤ መጀመሪያ ሌላ ባክቴሪያ ሰባብሮ ማፍላት አለበት። ለእንቦጭ ባዮጋዝና ኮምፖስት ይሻላል። የባክቴሪያ ሴል የሚያምርበት ለቀጭን ፍሳሽ ነው፤ ባዮጋዝ ለማድረግ የቀጠነ ግን ሐይቅ ውስጥ ለመልቀቅ የቆሸሸ። ያ ደግሞ የዕቃ እጣቢና የልብስ እጥበት ውኃ፣ የዓሣ ማጠቢያ ቦታ ፍሳሽ፣ ሽንት ነው።

ሽንት ስል አትሳቁ። ብሪስቶል ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በሽንት ስልክ ሞልተዋል፤ ከዚያም በሽንት የሚሠራ መብራት ሽንት ቤት ውስጥ ገጥመዋል። ኡጋንዳ ውስጥም አንድ የሴት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ላይ ሞክረውታል። አምፖል የሚባለው ነገር ትርጉም የሚሰጠኝ እዚያ ብቻ ነው፤ ማታ ጨለማ ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ ለምትፈራ ልጅ ደብዛዛ መብራትም መብራት ነው። የሴሉን ሁለት ወገን ለመለየት የተጠቀሙት ነገር ደግሞ ሸክላ ነው! ውድ ፕላስቲክ ሳይሆን ያልተለበጠ ሸክላ። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ላብ ስለሚያወጣ ነው አይደል? ያቺ ውኃ የምታልፍባት ቀዳዳ ናት ሴሉ የሚፈልጋት። ሸክላ ሠሪዎቻችን ጋ ሄዳችሁ ያልተሟሸ ሸክላ ስስ አድርጋችሁ ሥሩልኝ በሏቸው፣ ከዚህ የበለጠ ርካሽ ዕቃ የለም።

አሁን ዋናው። ቆሻሻ ውኃን ለመለካት በዓለም ላይ የተለመደው መንገድ ቢኦዲ የሚባለው ነው። ናሙና ወስደህ 20 ዲግሪ ላይ አምስት ቀን ታስቀምጣለህ፣ ስንት ኦክስጅን እንደተበላ ታያለህ። አምስት ቀን! እዚህ ከተማ ሐይቁ ዳር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በጓሮው የሚያወጣት ቱቦ አለች። የምትከፈተው ማታ ነው። ጠዋት ላይ ሄዳችሁ ናሙና ብትወስዱ ንጹሕ ውኃ ነው የምታገኙት። ሽታው ግን እስከ ደንገሉ ድረስ ይቀራል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለሚመለከተው ተናግሬያለሁ፣ "ማስረጃ አለህ ወይ?" ተብያለሁ።

የባክቴሪያ ሴል አይተኛም። የሚበላው ሲበዛ ከረንቱ ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል። ኮሪያ ውስጥ ኪም የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንን ለቢኦዲ መለኪያነት አዋሉት፤ አንዱ ሴላቸው ከአምስት ዓመት በላይ ሠርቷል። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸውን ስለሚተኩ የሚያልቅ ነገር የለውም። መርዛማ ነገር ሲመጣ ደግሞ፣ ለምሳሌ ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ሲገባ፣ ባክቴሪያዎቹ ይታመማሉ፣ ከረንቱ ድንገት ይወርዳል። መውጣቱም መውረዱም ወሬ ያመጣል። እርግጥ ሙቀትም ያሳስተዋል፣ ፍሳሹ ውስጥ ያለ ናይትሬት የሚባል የናይትሮጅን ጨውም ኤሌክትሮኑን ይሻማል። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ፍርድ ቤት መቅረብ አይቻልም። ግን ማታ በስንት ሰዓት ሄደህ ናሙና መውሰድ እንዳለብህ ይነግርሃል። እኔን የጎደለኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ሴል እቀብራለሁ፤ አንዱን ፍሳሹ ከሚገባበት ቦታ ራቅ ብሎ ንጹሕ በሚባለው ዳር፣ አንዱን ከቦይ አፍ በታች። ሁለቱም ዘንጋቸው፣ ሽቦአቸው፣ ጥልቀታቸው አንድ ዓይነት። 1,000 ኦም ሬዚስተር፣ በየአሥር ደቂቃው ቮልቱን የምትመዘግብ አርዱኢኖ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ለእሷ ደግሞ የእጅ መዳፍ የምታህል ፀሐይ ፓነል። የውኃውንም ሙቀት አብሬ እመዘግባለሁ። እናንተም ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ ጭቃውን ስታወጡ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት አድርጉ፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ በባዶ እግር አትግቡ።

የጎደለኝ ቢኦዲ የሚለካ ላብራቶሪ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ላብ የምትሠሩ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ከረንቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ናሙናውን እኔ ራሴ ቀድቼ፣ በበረዶ ይዤ፣ በሌሊትም ቢሆን በባጃጅ አደርሳለሁ። የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ካስቀመጥን በኋላ ነው ያቺን ቱቦ ይዘን መሄድ የምንችለው።